መኪናን የሚመሰክርለት መንገድ ነው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሳ። እኔ መኪና ወዳጅ ነኝ። ሰው ስለ ኳስ ሲከራከር እኔ ስለ ካምቢዮና ስለ ባሌስትራ ካላወራሁ ቡናው አይጣፍጠኝም። መኪና ሲሮጥ ማየትም እወዳለሁ። ይሁንና ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ እሽቅድምድም ደስታ ላወራችሁ አይደለም። ስለ ገንዘባችሁ ነው የማወራችሁ።

ለመሆኑ አንድ የአዲስ አበባ ሰው የእቁቡን ዕጣ፣ የሸጠውን መሬት፣ እህቱ ከቤይሩት የላከችለትን ሳይቀር አሟጦ መኪና ሲገዛ፣ ያ መኪና የእንጦጦን ዳገት፣ የአፋርን ሙቀት፣ የሠፈራችንን ኮረኮንች ችሎ እንደሚኖር ማን መሰከረለት? ደላላው? ደላላ እኮ ኮሚሽኑን ቆጥሮ ስልኩን ያጠፋል። አስመጪው? የራሱን ዕቃ «ደካማ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ወይስ በየአደባባዩ የተሰቀለው ማስታወቂያ? ማስታወቂያ ላይ ያለ መኪና ሁልጊዜ ታጥቦ ነው የሚቆመው፤ መንገዱም ሁልጊዜ አስፋልት ነው፤ ከኋላውም ባሕር ይታያል። እኛ ባሕሩንስ ከየት አምጥተን?

ድሮ ግን ምስክር ነበር። ምስክሩም ሩቅ አልነበረም፤ ከሞያሌ ማዶ ነበር። ስሙ ሳፋሪ ራሊ ይባላል። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኛን በኛ ዓመተ ምሕረት ስለምጽፈው እንዳይምታታባችሁ።)

ሳፋሪ ምን ዓይነት ዳኛ ነበር?

በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫነች ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት እንግሊዞች ለበዓሉ ማድመቂያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የሚዞር የመኪና ውድድር አዘጋጁ። ቅኝ ገዥነታቸውን ታሪክ ይፍረደው። እኔን የሚገርመኝ ያወጡት ደንብ ነው። አንደኛ፣ መኪናው ከሱቅ እንደወጣ ያለ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛው የሚችል መደበኛ መኪና መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ መኪኖቹ በምድብ የተከፈሉት በሞተር ጉልበት ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። ርካሹ ከርካሹ፣ ውዱ ከውዱ ጋር ይፈተናል ማለት ነው።

ገዢ የሚያስበውስ እንደዚሁ አይደለም እንዴ? «ኪሴ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፤ በዚህ ዋጋ የቱ ይበረታልኛል?» ነው ጥያቄው። ሳፋሪ ለዚህ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ይሰጥ ነበር።

መልሱን እንየው። ያቺ ሞተሯን ከኋላ ያዘለች የኛዋ ቮልስ በ1954፣ በ1957ና በ1962 አሸነፈች። ቀጥሎ ፔጆ 404 መጣ፤ በ1963 አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ድሉን ጠቀለለው። ዳትሰን በ1970፣ በ1971ና በ1973 አሸነፈ። ፔጆ በ504 ተመልሶ በ1975ና በ1978 ዋንጫውን ወሰደ። ይህን ዝርዝር ስታነቡ የድሮውን የአዲስ አበባ ጎዳና ያያችሁ አይመስላችሁም? አባቶቻችን መኪና የገዙት ሳፋሪን እያዩ ብቻ ነው አልልም። መንገዱ ግን የወንድማማች መንገድ ነበርና እዚያ የቻለ እዚህም ቻለ።

ፈተናው ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ወደ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ቀን አቧራ፣ ማታ ጭቃ፣ ዝናብ ከመጣማ ድልድዩም መንገዱም የለም። በ1963 የተነሱት መኪኖች 84 ነበሩ፤ መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው! በ1968 ደግሞ 93 ተነስተው አሁንም 7 ብቻ ገቡ። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ፔጆ 404 ሲሆን ነጂውም ያው አንድ ሰው፣ ኒክ ኖዊኪ የተባለው የኬንያ ነዋሪ ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከ93 መኪኖች 86ቱ የቀሩበትን መንገድ አልፎ የመጣ መኪና ሌላ ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል?

አንድ ልጨምርላችሁ። በ1965 ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ የሚባል ኬንያዊ ሲክ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ነው። የነዳው ቮልቮ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ባለፈው ዓመት ሳፋሪ ላይ ፋብሪካው ራሱ ያሰለፈው፣ ከዚያ በኋላ የተሸጠ አሮጌ መኪና ነበር። መካኒክ በአሮጌ መኪና የታላላቅ ፋብሪካዎችን ቡድኖች አሸነፈ! ይህ ሰው በ1974ና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደግሞታል። መኪና ማወቅ ማለት ይሄ ነው። የኛ የመርካቶና የጎጃም በረንዳ መካኒኮች ይህን ታሪክ ቢሰሙ ደረታቸውን ነፍተው ይሄዱ ነበር።

ስሙ ቪትዝ፣ ሆዱ ሌላ

ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ገባ? በ1973 የዓለም የራሊ ሻምፒዮና ሲጀመር ሳፋሪ አብሮ ተካተተ። ፋብሪካዎቹ ገንዘባቸውን ይዘው በገፍ መጡ። ገንዘብ ሲመጣ ደንቡ መላላት ጀመረ። ከ1982 ጀምሮ «ግሩፕ ቢ» በተባለው ደንብ 200 መኪና ሠርቻለሁ ብሎ ያስመዘገበ ፋብሪካ የፈለገውን ጭራቅ ይዞ መቅረብ ቻለ። መጨረሻው ምን ሆነ? በ1986 በፖርቱጋል ራሊ መኪና ሕዝብ መሐል ገብቶ ተመልካች ገደለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ከመንገድ ወጥተው ከነመኪናቸው ነደዱ። ግሩፕ ቢ ታገደ። ከዚያ በኋላ በሺዎች ተሠርቶ የተሸጠ መኪና ብቻ ይሩጥ ተባለና ለጥቂት ዓመታት ውድድሩ ወደ ሰው መኪና ተጠጋ። ቆየና ግን እንደገና ራቀ።

ሳፋሪ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ተመለሰ። ከ2021 እስከ 2025 ባሉት አምስት ዓመታት አምስቱንም ያሸነፈው ቶዮታ ነው። በ2022ና በ2023ማ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ድረስ ለሌላ አላስቀመጠም። እሰየው! ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ያሸነፈው የትኛው ቶዮታ ነው?

ስሙ ያሪስ ይባላል። ያሪስ ማለት እስከ 2020 ድረስ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ እየተባለ ይሸጥ የነበረው ነው። አዎ፣ በየሠፈራችን የምናውቃት ቪትዝ! እንግዲህ «ናይቫሻ ላይ ቪትዝ አሸነፈች» ብሎ ጮቤ የሚረግጥ የቦሌ ባለ ቪትዝ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከ2022 ጀምሮ በወጣው ደንብ የሚሮጠው መኪና ከብረት ቱቦ የተበየደ አጽም ነው፤ ላዩ ላይ የሱቅ መኪና የሚያስመስል ቆዳ ይለበስበታል። በአራት ጎማው የሚጎትት፣ ተርቦ የተገጠመለት፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተፈጠረ ፍጥረት ነው። ከኛዋ ቪትዝ ጋር የሚጋራው ስሙንና የፊቱን መልክ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ርቀቱም ያ የድሮው አይደለም። የፍጥነት ፈተናው ተደምሮ 400 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መሐል መሐል ላይ ደግሞ መካኒኮች ድንኳን ጥለው ይጠብቁታል። እኛ ዘንድ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሚኒባስ በሁለት ቀን ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ድንኳን ጥሎ የሚጠብቀው ግን የለም።

ሙያ አይካድምና አንድ ነገር ልመስክር። ቶዮታ በ2020 ጂአር ያሪስ የተባለ መኪና ለገበያ ሲያወጣ መነሻው ይኸው የራሊ ውድድር ነበር። እንደዚህ ያለው ጥሩ ነው። ግን እሱም የጥቂት ባለጠጎች መጫወቻ ነው እንጂ እናቶቻችንን ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና አይደለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

«ኧረ ተው፣ ውድድር የፋብሪካውን ሙያ ያሳያል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ይሁን። ሙያውን ብቻ ግን አያሳይም፤ ሌብነቱንም ያሳያል። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁና ፍረዱ።

የመጀመሪያው የቶዮታ ነው። በ1995 የራሊ መኪኖች ጉልበት እንዳይበዛ ወደ ተርቦው የሚገባው አየር በ34 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ይለፍ የሚል ደንብ ነበር። የቶዮታ ቡድን ምን አደረገ? ቱቦው ሲታሰር ከጎን ለአየር መግቢያ የሚከፍት፣ ተቆጣጣሪ ሊያይ ሲፈታው ደግሞ ራሱ በስፕሪንግ ተመልሶ የሚዘጋ ረቂቅ ነገር ሠራ። ስፔን ላይ ተያዘ። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ማክስ ሞስሊ ራሱ በብልሃቱ መደነቁን አልደበቀም፤ ተደንቆ ግን አልማረውም። የዓመቱ ነጥብ በሙሉ ተሰረዘ፤ ቡድኑም ለአንድ ዓመት ታገደ።

ሁለተኛው ይብሳል። የቮልስዋገን ኩባንያ ዲዝል መኪና ንጹሕ ነው ብሎ ዓለምን ሊያሳምን በተነሳበት ዘመን፣ የእሱው ልጅ አውዲ ዲዝል ሞተር ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ወደሚደረገው የ24 ሰዓት የለማን ውድድር ገባ። በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ዲዝል ለማንን አሸነፈ። እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከአንድ ዓመት በቀር (በ2009 ፔጆ፣ እሱም በዲዝል፣ ነጥቆታል) ሁሉንም አውዲ ወሰደ። እንዴት ያለ ማስታወቂያ ነው! ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሮጦ ያሸነፈ ሞተር ማን ይጠረጥራል?

በመስከረም 2015 ጉዱ ወጣ። ቮልስዋገን ለሕዝብ በሸጣቸው ዲዝል መኪኖች ኮምፒዩተር ውስጥ፣ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን የሚያውቅ ፕሮግራም ደብቆ ኖሯል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲቆም ጭሱን ያጠራል፤ መንገድ ሲወጣ ይለቀዋል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳለው የሚያወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሕጉ እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና! ኩባንያው በቅጣትና በካሳ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። በ2016 መጨረሻ አውዲ ከለማን፣ ቮልስዋገን አራት ዓመት በተከታታይ ከነገሠበት የዓለም ራሊ ሻቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ይህን ሌባ የያዘው ማን ነው? ፖሊስ አይደለም፤ ባለሥልጣንም አይደለም። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች ናቸው። ምን አደረጉ? የጭስ መለኪያቸውን መኪናው ላይ ጭነው ወደ መንገድ ወጡ! አንደኛዋን ቮልስዋገን ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ድረስ ነድተው መለሷት። ላቦራቶሪ ዓመታት ሙሉ የተታለለበትን ነገር መንገዱ አወጣው። ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ እውነቷን ነበር።

ጃፓኖቹም ከዚህ የጸዱ አይደሉም። ሚትሱቢሺ ለብዙ ዓመታት የነዳጅ ፍጆታ ምርመራውን ከሕጉ ውጭ ሲሠራ መቆየቱን በ2016 አምኗል። የቶዮታ ቅርንጫፍ የሆነው ዳይሃትሱ ደግሞ የደኅንነት ምርመራ ሲያጭበረብር መኖሩ በ2023 መጨረሻ ታውቆ መኪና ማስረከቡን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ቶኪዮና ቮልፍስቡርግ ያሉ ገዢዎች፣ ያ ሁሉ ተቆጣጣሪ እያላቸው እንደዚህ ከተታለሉ፣ ተቆጣጣሪ የሌለው የኛ ገዢ ምን ይሁን?

የኤሌክትሪኩ ዘመን መጣ

ወደ ቤታችን እንግባ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና የቫትና የኤክሳይስ ምሕረት ተደረገለት። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከእንግዲህ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤንዚንና የዲዝል አውቶሞቢል እንደማይገባ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ተናገሩ። በዓለም የመጀመሪያው አገር እኛ ሆንን! ምክንያቱም በየዓመቱ ለነዳጅ የሚወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው ተባለ። ምክንያቱን አልጠላሁትም። የራሳችን ግድብ እያለ ለምን በሰው ነዳጅ እንነዳለን? የተባለው ሲባል ከፊት ለፊት የቆመው ቪ8 ስንት ሊትር ይጠጣ እንደነበር ግን መጠየቅ መብታችን ነው።

እንደ መኪና ወዳጅ ልናገርና የኤሌክትሪክ መኪናን የሚያጥላላ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ለኛ ደጋ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ምንም አያጣም። ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ የተወሰነውን ኃይል መልሶ ባትሪው ውስጥ ይከተዋል።

ለዚህም ምስክሩ ያው ውድድር ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። የመኪናው ሩጫ ከ2,862 ሜትር ተነስቶ 4,302 ሜትር ላይ ያልቃል፤ 20 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ 156 ኩርባ። በ2018 ሮማን ዱማ የተባለ ፈረንሳዊ በኤሌክትሪክ መኪና 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገብቶ የቤንዚኖቹን ክብረ ወሰን ሁሉ ሰበረ። መኪናው የማን ነበር ብትሉ የቮልስዋገን! ያ በዲዝል የተያዘው ቮልስዋገን ስሙን በኤሌክትሪክ ሊያጥብ ተነስቶ ነበር። ስሙ ከታጠበ በኋላ የስፖርት ክፍሉን በ2020 መጨረሻ ዘጋው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሳሩን አይተን ገደሉን እንዳናጣ የምፈራው። ያ መኪና የተፈተነው ለ8 ደቂቃ ነው። እኛ መኪና የምንገዛው ለ8 ዓመት ነው፤ አንዳንዶቻችንም ለልጅ ልጅ። የባትሪው ነገር ዋናው ነው። የፎርሙላ ኢ ውድድር በ2014 ሲጀመር ባትሪው ውድድሩን አልጨርስ እያለ ነጂዎቹ መሐል ላይ መኪና ይቀይሩ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ባትሪው አድጎ በአንድ መኪና መጨረስ ተቻለ። ሕዝብ እያየ ስለተፈተነ አደገ። የኛዎቹስ ማን እያየ ነው የሚፈተኑት?

ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ለቻይና ገበያ ብቻ ታስበው የተሠሩ ሞዴሎች ሲሆኑ፣ በፋብሪካው ፈቃድ ሳይሆን በነጋዴ ትከሻ የገቡ ናቸው። መስኮታቸው ላይ የሚጻፈው ቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ቀይ መብራት ሲበራበት «ባትሪው ጋለ» ይበለው ወይ «መልካም በዓል» ይበለው አያውቅም። ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ሲግል ደግሞ ቶሎ መሙላት ይከለክላል። ታዲያ ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ሚሌ ላይ በቀትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? አምስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ስንት ይቀረዋል? ቢበላሽ ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ስንት እጁ ነው? ቦሎ ሲለጠፍ ፍሬኑና መብራቱ ሲታይ የባትሪውን ጤና ማን ያየዋል? ይህን ስንጠይቅ «አቅጣጫ ተቀምጧል» እንባላለን። አቅጣጫ ባትሪ ይሞላል እንዴ?

እኔ የምለው

ብሶት ብቻ አውርቶ መሄድ አልወድም። የ1953ቱን የሳፋሪ ደንብ እንዋሰው! ፍጥነት አይደለም የምለው፤ በፍጥነት የሚሞትብን ሰው አንሶን አያውቅም። የጥንካሬ ፈተና ይደረግ ነው የምለው። እንዲህ፦

አንደኛ፣ መኪናው ከአስመጪው መጋዘን በዕጣ ይወጣ። አስመጪው መርጦና ወልውሎ የሚያመጣው አይሁን። ኮፈኑና ባትሪው ይታሸግ።

ሁለተኛ፣ ምድቡ በዋጋ ይሁን። የሁለት ሚሊዮኑ ከሁለት ሚሊዮኑ፣ የስድስት ሚሊዮኑ ከስድስት ሚሊዮኑ ጋር ይሰለፍ።

ሦስተኛ፣ መንገዱ የኛው ይሁን። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በር፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲና፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ከሚሌ በበረሃው አዋሽ፣ ከአዋሽ አዳማ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ። ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ በረሃው ሁሉም በአንድ ዙር ይገኛል። በእርግጥ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፤ ዛሬ ሾፌር ከቤቱ ሲወጣ የሚጸልየው ለሞተሩ ሳይሆን ለነፍሱ በሆነበት ጊዜ ይህን ማንሳቴ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሰላም የሌለበት መንገድ መኪና አይፈትንም፤ ሰው ነው የሚፈትነው። እስከዚያው ሰላም ባለበት መንገድ ይጀመር።

አራተኛ፣ መኪናው ሙሉ ሰውና ሙሉ ጭነት ይዞ ይሂድ። ሾፌሮቹ የታክሲና የአገር አቋራጭ ሾፌሮች ይሁኑ፤ መርማሪዎቹም ከጋራዥና ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ይምጡ።

አምስተኛና ዋናው፣ ውጤቱ በጋዜጣ ይውጣ። በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? ለመሙላት ስንት ሰዓት ፈጀ? ምኑ ተሰበረ? ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ መሪው እንዴት ገባ? መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይ? ዋጋውስ? ሞዴሉ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ!

ለሚቃወሙኝ

«የመኪና ውድድር የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ዳቦ ለሌለው ሕዝብ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ፎርሙላ ዋን ቢሆን ኖሮ አብሬው እቃወም ነበር። ፎርሙላ ዋን አፍሪካን የረገጠው ለመጨረሻ ጊዜ በ1993 ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ ነው። ሩዋንዳ በ2024 መጨረሻ «እኔ ላዘጋጅ» ብላ በይፋ ጠይቃለች። ለእሷ ይቅናት፤ እኛ ግን ለሁለት ሰዓት ሩጫ የሚፈስ ገንዘብ የለንም። እኔ ያልኩት ነገር አዲስ ሜዳ አይጠይቅም፤ መንገዱ አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ መካኒኩ አለ፣ መኪናውም መጋዘን ቆሟል። ደግሞም ይህ የሀብታም ጉዳይ አይደለም። ሀብታም መኪናው ቢበላሽበት ሌላ ያስወጣል። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ለታክሲ ሥራ የገዛው አባወራ ግን ባትሪው የሞተ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስወጣል።

«መንግሥት ደረጃ አውጥቷል፣ ይበቃል» የሚልም አለ። ደረጃ መውጣቱ ጥሩ ነው። ቮልስዋገንም እኮ ደረጃውን አሟልቶ ነበር፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። የዋሸው መንገድ ላይ ነው።

ለአስመጪዎችና ለገጣጣሚዎች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። መኪናችሁን የምታምኑበት ከሆነ ይህን ነገር ከኛ በላይ ልትፈልጉት የሚገባ እናንተ ናችሁ። ፔጆ ከ93 መኪና ከተረፉት ሰባቱ አንዱ በሆነ ጊዜ ለዓመታት የሚበቃ ስም አተረፈ፤ ዛሬም 404ን ሲያነሱ ዓይናቸው የሚያበራ ሽማግሌ ሾፌሮች አሉ። ቢልቦርድ ይህን አይገዛም። የምትፈሩት ነገር ካለ ደግሞ ገዢው የምትፈሩትን ማወቅ መብቱ ነው። እናም በዕጣ የወጣውን መኪና ቁልፍ ስጡንና ጣርማ በርን አውጥተን፣ ሚሌን አውርደን፣ ያየነውን እንጻፍ። ካለፈ እኛው ራሳችን በነጻ እናስተዋውቅላችኋለን። ከወደቀም ሕዝቡ ገንዘቡን ሳይከፍል በፊት ይወቀው!